ዋስ የሚሆን አሠሪና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ
ልጁን በባሕር ማዶ ለሚያስተምር ነጋዴ የቀረበ ማስታወቂያ

ነጋዴ ከማንም ሰው ይልቅ የዋስን ነገር ያውቃል። ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ፣ ገንዘብ ሲያበድር፣ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ጭነት ለሾፌር ሲያስረክብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋስህ ማነው?» ብሎ ነው። ከዋሱም ዘንድ ሦስት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም ዋስ የተባለው በእውነት ያለ ሰው መሆኑን፣ የዋስትናው ልክ እስከ ምን ድረስ እንደሆነና ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለማርና ለሰሊጥ፣ ለፍየልና ለጨው ሳይዘነጋ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ የገዛ ልጁ በውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ «ዋስ የሚሆነኝ አሠሪ አግኝቻለሁና ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ በጻፈለት ጊዜ ግን አንዱንም ሳይጠይቅ ገንዘቡን ሲልክ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ይህ ነገር የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የአሞሌ ጨው ገበያ የነበረች፣ የሲራራ ነጋዴ ያረፈባት ከተማ ናት። በአበርገሌ ወረዳ የምትገኘው ኒሯቅም በፍየሏና በማሯ ትታወቃለች። በእነዚህ ቦታዎች የቤተሰብ ሀብት ያለው በባንክ ሳይሆን በበረት፣ በቀፎና በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ለልጅ ጉዳይ ገንዘብ ሲፈለግ የሚሸጠው ሀብት፣ ዝናብ ባጠረበት ዘመን ቤተሰቡ ነፍሱን የሚያተርፍበት ያው ሀብት ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ግድ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ሕጎች ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን አዋጆች ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

ሦስቱ በሮች

የኢትዮጵያ ተማሪ ወደ ባሕር ማዶ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ መንግሥት ወጣቶችን እየመረጠ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎችም አገሮች ይልክ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ሥራው በአገር ቤት ይጠብቃቸው ስለነበረ የውጭ አገር ዋስ አላስፈለጋቸውም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን በውጭ ከነበሩት ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። አሜሪካ በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን በር ከፈተ። ሁለተኛው በር ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው፣ በአገራችን ዲቪ እየተባለ የሚጠራው የዕጣ ቪዛ ነው። በእነዚህ በሁለቱ በሮች የገቡት ሰዎች አሠሪ ዋስ እንዲሆናቸው አልተጠየቁም፤ አንዱ በስደቱ፣ ሌላው በዕድሉ ገባ።

የዛሬው ተማሪ የሚያንኳኳው ሦስተኛውን በር ነው። ወላጆቹ ከፍለው ያስተምሩታል፤ ይመረቃል፤ ከምረቃው በኋላ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ ይዞ፣ በብዙ አገርም ዋስ የሚሆነው አሠሪ አግኝቶ፣ ወደ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመድረስ ይጥራል። የዚህ በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ከአገር አገር ይለያያል። ልዩነቱን ሳያውቅ ገንዘብ የሚያወጣ ወላጅ፣ የገበያውን ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ይቆጠራል።

የዋስትናው ትርጉም

በውጭ አገር ሕግ አሠሪ ዋስ ሆነ ማለት የሠራተኛውን ዕዳ ይከፍላል ማለት አይደለም። ለመንግሥት የሚያረጋግጠው ነገር አለ ማለት ነው፤ ይኸውም ሥራው በእውነት ያለ መሆኑን፣ ደመወዙ ሕጉ ከወሰነው በታች አለመሆኑን፣ ሠራተኛውም ለሥራው የሚገባ ዕውቀት ያለው መሆኑን ነው። በአንዳንድ አገር ደግሞ ለሥራው የሚሆን የአገሩ ተወላጅ ተፈልጎ ያልተገኘ መሆኑን ጭምር ማስረዳት አለበት።

ከዋስትናው በፊት የምረቃ ማግስት ጊዜ አለ። ካናዳ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የፈጀ ትምህርት ለጨረሰ ተማሪ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች። አሜሪካ 12 ወር ትፈቅዳለች፤ ትምህርቱ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስና ወይም በሒሳብ ከሆነ ሌላ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። እንግሊዝ 2 ዓመት ስትሰጥ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ጊዜው ወደ 18 ወር እንዲያጥር ወስናለች። ጀርመን ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች። ነጋዴ ይህን ጊዜ እንደ ዱቤ ቀነ ገደብ ቢቆጥረው አይሳሳትም፤ ቀኑ የሚሮጠው ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ነውና።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። በአሜሪካ አሠሪው ኤች ዋን ቢ በሚባለው ቪዛ ለሠራተኛው ያመለክታል። ለግል ድርጅቶች በዓመት የሚፈቀደው 85,000 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም 20,000ው በአሜሪካ የማስተርስ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለተቀበሉ የተለየ ነው። አመልካቹ ከቁጥሩ በላይ ሲሆን ምርጫ ይደረጋል። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ድርጅቶች ግን በዚህ ቁጥር አይገደቡም። ቪዛው በመደበኛው ከ6 ዓመት አይበልጥም። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ከአገር ውጭ ላለ ሠራተኛ በሚቀርቡ አዳዲስ ማመልከቻዎች ላይ 100,000 ዶላር እንዲከፈል ታዝዟል። ወደ ቋሚው ፈቃድ ለመድረስ በተለመደው መንገድ አሠሪው በመጀመሪያ ከሥራ ሚኒስቴሩ የምስክር ወረቀት፣ ቀጥሎ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህ ሁሉ በአሠሪው ስም የሚካሄድ ነው።

በእንግሊዝ አሠሪው ራሱ ዋስ ለመሆን የሚያስችል ፈቃድ ከመንግሥት ሊኖረው ይገባል። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራው በመሠረቱ የዲግሪ ደረጃ ያለው እንዲሆን፣ የዓመት ደመወዙም በጠቅላላው 41,700 ፓውንድ እንዲደርስ ተደንግጓል፤ ለአዲስ ተመራቂ ዝቅ ያለ ልክ አለ። ለረጅም ጊዜ በዚህ ዓይነት ሥራ 5 ዓመት የቆየ ሰው ቋሚ መኖሪያ ይጠይቅ ነበር፤ መንግሥቱ በ2025 ይህን መነሻ ወደ 10 ዓመት ለማሳደግ ሐሳብ ስላቀረበ፣ በዚያ ያለ ተማሪ በየጊዜው የሚወጣውን ደንብ መከታተል አለበት።

በአውስትራሊያ ዋስ በሆነ አሠሪ ዘንድ እስከ 4 ዓመት የሚያሠራ ቪዛ አለ። ሠራተኛው 2 ዓመት ከሠራ በኋላ አሠሪው ለቋሚ ፈቃድ ሊያጨው ይችላል፤ ዕድሜው ግን በአጠቃላይ ከ45 ዓመት በታች መሆን አለበት። ካናዳና ጀርመን በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። በካናዳ ዕውቀት በሚጠይቅ ሥራ ላይ አንድ ዓመት፣ ማለትም 1,560 ሰዓት የሠራና የቋንቋ ፈተና ያለፈ ሰው የማንንም አሠሪ ዋስትና ሳይጠይቅ በነጥብ ተወዳድሮ ሊመረጥ ይችላል። በጀርመን ደግሞ በዚያው አገር የተመረቀ ሰው በሙያው 2 ዓመት ሠርቶ የጡረታ መዋጮውን ከከፈለና ሌሎቹን ግዴታዎች ካሟላ ቋሚ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። በአንዳንዱ አገር ቁልፉ ያለው በአሠሪው ኪስ ነው፤ በሌላው አገር ቁልፉ የሠራተኛው የሥራ ዘመን ራሱ ነው። ልጁን ለመላክ የሚያስብ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ይህንን ልዩነት አስቀድሞ ማመዛዘን ይኖርበታል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ከላይ ከተጠቀሱት አገሮች አብዛኞቹ ሕጋቸው ቢለያይም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም አሠሪው ዋስ የሚሆንበትን ወጪ ወደ ሠራተኛው እንዳያዞር ይከለክላሉ።

በአሜሪካ ከጁላይ 2007 ጀምሮ ለሥራ ሚኒስቴሩ የምስክር ወረቀት የሚወጣውን ወጪ፣ ለአሠሪው የሚቆመውን ጠበቃ ዋጋ ጨምሮ፣ አሠሪው እንዲከፍል ተደንግጓል። በካናዳ አሠሪው የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ሲያመለክት የሚከፍለው 1,000 የካናዳ ዶላር ከሠራተኛው ሊጠየቅ አይችልም። በእንግሊዝ ለሠራተኛው የሚከፈለውን የሙያ ቀረጥ አሠሪው ራሱ ይሸፍናል፤ ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ የዋስትናውን የምስክር ወረቀት ዋጋ ወደ ሠራተኛው ማዞር ተከልክሏል። በአውስትራሊያ ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ለዋስትና ሲባል ገንዘብ መቀበል በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኗል፤ ከፋዩም ቪዛውን ሊያጣ ይችላል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውንም ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛው የተተወለት እንደ ፓስፖርት፣ እንደ ሰነድ ማረጋገጫና እንደ ሕክምና ምርመራ ያለው የግሉ ወጪ ነው።

እንግዲህ «ዋስ የሚሆንህን አሠሪ በይህን ያህል ብር አመጣልሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የሚሸጠው ዕቃ በሻጩ እጅ የሌለ ወይም መሸጡ የተከለከለ ዕቃ መሆኑን ነጋዴ ወዲያውኑ ሊያውቅ ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለእንዲህ ያለው ገበያ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሥራዬ ምክንያት ያየሁትን አንድ ነገር ልጥቀስ። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ፤ ደብዳቤ መጻፍና የመጣውን ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት የፍየል ነጋዴ ከኒሯቅ ወደ አሠሪዬ ሱቅ መጥተው፣ ልጃቸው ከካናዳ የላከውን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ልጁ በዚያ አገር የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጨርሶ፣ በአንድ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ይይዛል። አንድ ደላላ «ከሌላ አሠሪ የሥራ ጥሪ ወረቀት አውጥቼልህ ነጥብህ ከፍ ይላል» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠይቆታል። አባትየው ከመንጋው ግማሹን ለመሸጥ ቆርጠው ነበር የመጡት።

ወረቀቶቹን በተራ ስናያቸው ሁለት ነገር ተገለጠ። አንደኛ፣ ካናዳ ለሥራ ጥሪ ትሰጥ የነበረውን 50 ወይም 200 ነጥብ በማርች 25 ቀን 2025 አንሥታለች፤ ያነሣችበትም ዋና ምክንያት ወረቀቱ እንደ ሸቀጥ መሸጥ ስለጀመረ ነው። ደላላው የሚሸጠው ዋጋው የወደቀ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ በያዘው ሥራ ላይ አሥር ወር ቆይቷል፤ የሥራ ፈቃዱ ገና ጊዜ አለው። ሁለት ወር ቢታገሥ አንድ ዓመቱን ሞልቶ የማንንም ጥሪ ሳይፈልግ ለመወዳደር ይበቃል። በሌላ በኩል ሐሰተኛ ወረቀት ቢያቀርብና ቢታወቅበት ለ5 ዓመት ወደዚያ አገር እንዳይገባ ይከለከላል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ቋሚ ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም።

አሠሪዬ ይህን ከሰሙ በኋላ አዛውንቱን «ያላዩትን ፍየል በስልክ ገዝተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱም «ጥርሱን ሳላይ ሙክት ገዝቼ አላውቅም» ብለው መለሱ። ፍየሎቹ አልተሸጡም። ልጁ ዓመቱን ሞልቶ፣ ቋንቋውን ተፈትኖ በራሱ ስም አመልክቷል፤ መመረጥ አለመመረጡን እንደማንኛውም ተወዳዳሪ እየጠበቀ ነው። ቢመረጥ ደስታ ነው፤ ባይመረጥ እንኳ ስሙ ንጹሕ፣ የአባቱ በረትም ሙሉ ነው።

ዋስትና ገመድም ነው

ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይረዱት ሌላ ነገር አለ። አሠሪው ዋስ የሆነለት ሰው የአገሩ ነዋሪ ሆነ ማለት አይደለም። የመኖር መብቱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። በአሜሪካ በኤች ዋን ቢ ያለ ሠራተኛ ሥራው ከቀረ አዲስ አሠሪ ለማግኘት በመደበኛው ያለው ጊዜ እስከ 60 ቀን ነው። በእንግሊዝም ዋስትናው ሲቋረጥ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው ከ60 ቀን አይበልጥም። አውስትራሊያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ይህን ጊዜ በአንድ ጊዜ ወደ 180 ቀን፣ በጠቅላላው የቪዛው ዘመን ደግሞ ወደ 365 ቀን አስፍታዋለች፤ ያሰፋችበትም ምክንያት ሠራተኛው ቪዛውን ፈርቶ የአሠሪውን በደል ዝም ብሎ እንዳይሸከም ነው።

ይህ ለቤተሰብ ምን ማለት ነው? ልጁ ጥሩ ደመወዝ እያገኘ በየወሩ ገንዘብ ቢልክም፣ ያ ገንዘብ የአንድ አሠሪ በጎ ፈቃድና የአንድ ድርጅት ትርፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ «ልጄ ባሕር ማዶ አለ» ብሎ በርሱ ስም ብድር መግባት፣ ሱቅ ማስፋት ወይም ቤት መጀመር አደጋ አለው። ደግሞም ልጁ በሥራው ላይ የሚደርስበትን ችግር ለወላጆቹ ለመግለጽ ያፍራል። «ለምን አነሰ?» ከማለት በፊት «ፈቃድህ የሚያበቃው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ የአባትም የእናትም ወግ ሊሆን ይገባል።

በዐረብ አገሮች ያለው ከፋላ የሚባለው የዋስትና ሥርዓት ከዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። በዚያ አሠሪው ዋስ ነው፤ ይሁን እንጂ የሥራ ዘመን ቢረዝም ይህ ዋስትና በራሱ ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርስም። በኖቬምበር 2013 ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው የተመለሱ መሆናቸው አይዘነጋም። ከአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ወደዚያ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ ስለዚህ «ዋስ አለኝ» የሚለው አንድ ቃል በሁለቱ አገሮች ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ቤተሰቡ መለየት አለበት።

ቋሚ የተባለው ፈቃድ

ቋሚ ፈቃድ ከተገኘም በኋላ ቁጥሩ አያበቃም። በተለይ ልጁ ተመልሶ በአባቱ ንግድ ላይ እንዲረዳ፣ ወይም በሁለቱ አገሮች መካከል እየተመላለሰ ዕቃ እንዲልክና እንዲያስመጣ ለሚያስብ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የካናዳ ቋሚ ነዋሪ በየ5 ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን በዚያ አገር መገኘት አለበት። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአንድ ዓመት በላይ ከአገሩ ውጭ ከቆየ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። የእንግሊዝ ቋሚ ፈቃድ ያለው ሰው በአጠቃላይ 2 ዓመት በተከታታይ ከራቀ ፈቃዱ ይወድቃል። ቋሚ የተባለው ቀኑን ለሚቆጥር ሰው ብቻ ቋሚ ነው።

ከዚህም ጋር በቋሚ ነዋሪነትና በዜግነት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይገባል። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን አያጣም፤ ፓስፖርቱ፣ የንግድ ፈቃድ የማውጣት መብቱ፣ የርስት ድርሻውም እንደ ዜጋ ይጠበቅለታል። የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የተቀበለ ሰው ግን በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለእንዲህ ያሉት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለመታወቂያው ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ይችላል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አይችልም። ልጁ በማኅበር የሚገባበት ወይም ሱቁን የሚወርስበት ቤተሰብ ዜግነት ከመለወጡ በፊት ከሕግ አዋቂ ጋር መመካከሩ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ግዴታ

ይህ ጉዳይ ነጋዴውን እንደ ወላጅ ብቻ ሳይሆን እንደ አሠሪም ይነካዋል። በሱቃችን፣ በመጋዘናችንና በቢሮአችን የሠሩ ወጣቶች ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቁናል። ብዙ ነጋዴዎች ይህን እንደ ቀላል ውለታ ቆጥረው «የፈለገውን ጻፍለት» ይላሉ። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ግን ደብዳቤውን የሚመዝኑት እንደ ሰነድ ነው። በደብዳቤው ላይ የሥራው ስም፣ የተሠራው ተግባር ዝርዝር፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ በሳምንት የተሠራው ሰዓት፣ ደመወዙ፣ የፈራሚው ስምና አድራሻ በትክክል ሊጻፉ ይገባል። ሁለት ዓመት የሠራን ሰው አምስት ዓመት ሠርቷል ብሎ መጻፍ ለጊዜው ደግነት ይመስላል፤ ደውለው ሲጠይቁና ከደመወዝ መዝገብ ጋር ሳይስማማ ሲገኝ ግን ወጣቱን ለብዙ ዓመት በር ይዘጋበታል፤ የነጋዴውም ማኅተም ዋጋ ያጣል።

በተቃራኒውም የውጭ አገር ሰው መቅጠር የሚፈልግ የአገራችን ነጋዴ እርሱ ራሱ ዋስ አሠሪ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ፈቃዱ ለተወሰነ ሥራ ለ3 ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። እንግዲህ ፈቃድን ከሥራ ጋር ማሰር የሩቅ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በእኛ ቤት የተቀጠረውን እንግዳ በፈቃዱ ምክንያት ሳናስጨንቅ ብንይዘው፣ ለልጆቻችን በውጭ የምንመኘውን ለሌላው ማድረጋችን ነው።

ለወላጅ የሚሆን ምክር

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ልጁን በውጭ አገር ያስተማረ ወይም ለማስተማር ያሰበ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢያስብባቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ግልባጭ ይጠይቅ፤ የሚያበቃበትንም ቀን በሱቁ የዱቤ መዝገብ ላይ ይጻፈው። ሁለተኛ፣ ዋስ የሚሆነው አሠሪ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። የእንግሊዝ መንግሥት ዋስ ለመሆን የተፈቀደላቸውን ድርጅቶች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል፤ ካናዳም ደንብ የጣሱ አሠሪዎችን ስም ታትማለች። ይህን ለማየት ክፍያ አይጠየቅም፤ ልጁ ራሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመረምረው ይችላል። ሦስተኛ፣ ክፍያ ሲጠየቅ ክፍያው በሕግ የማን እንደሆነ ይለይ። የቪዛ ማመልከቻ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የሕክምና ምርመራና የሰነድ ትርጉም እንደ አገሩ ሕግ በልጁ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ደረሰኝም አላቸው። የዋስትናው ዋጋ ግን የአሠሪው ነው። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በንግድም ሆነ በዚህ ነገር አይታመንም። አራተኛ፣ የትምህርት ማስረጃና የልደት ምስክር ወረቀት ልጁ ከመሄዱ በፊት ተረጋግጠው ይዘጋጁ፤ ከሩቅ ሆኖ ማረጋገጥ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። አምስተኛ፣ መንገዱ ባይሳካ የሚመለስበት ቦታ ለልጁ ይጠበቅለት። ዕውቀቱን ይዞ ሲመለስ የሚሠራበት ሱቅና የሚያሳድገው መንጋ ካለ፣ መመለሱ እንደ ውድቀት ሊቆጠር አይገባም። ቀድሞ ወደ ባሕር ማዶ ተልከው የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች የተመለሱት ሥራ ስለጠበቃቸው ነው፤ የዛሬውንም ሥራ ሊጠብቀው የሚችለው እኛ ስናቆይለት ነው።

በመጨረሻም የነጋዴ ሕግ አጭር ነው። ዋሱን ለይ፤ የዋስትናውን ልክ እወቅ፤ ቀኑን ቁጠር። ለሰሊጥ ኩንታል የማንነፍገውን ይህን ጥንቃቄ ለልጆቻችን ብንሰጥ፣ የብዙ ቤተሰብ ሀብት ከደላላ እጅ ይድናል፤ ልጆቻችንም የሚያመለክቱት በራሳቸው ስምና በእውነተኛ ወረቀት ይሆናል።